ዶሮዋ ላባ ስትጥል ምን እናድርግ? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር የጓሮ አርቢዎች

እንቁላል ስትሰጥ የከረመች ዶሮ ድንገት አንገቷ ይራቆታል። ጅራቷ ይረግፋል። ግቢው በላባ ይሞላል፤ እንቁላሉም ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ የሰፈሩ ምርመራ ይጀመራል። አንዱ «ፈንግል ነው» ይላል። ሌላዋ «ዓይን በልቷት ነው፤ ትናንት ማን ነበር ግቢ የገባው?» ትላለች። ሦስተኛው ምንም ሳይል ቢላዋ ይፈልጋል።

አብዛኛውን ጊዜ ዶሮዋ ጤነኛ ናት። አሮጌ ላባዋን ጥላ አዲስ እያበቀለች ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋት ከወትሮው የበለጠ ፕሮቲን፣ ደረቅ ማደሪያና የማይነካካት ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። ሰው ለማረድም ለመሸጥም ቀድሞ የሚመርጠው መላጣ የሆነችውን ዶሮ ነው። እሷ ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ ጎበዝ እንቁላል ጣይ ናት። ለምን እንደሆነ ክንፍ ስናነብ ታዩታላችሁ።

መቼ ነው ላባ የምትጥለው?

ከጫጩት እንጀምር። ከእንቁላል የወጣች ጫጩት የለበሰችው ለስላሳ ጸጉር እንጂ ላባ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የክንፏ ላባ ብቅ ይላል። በ6ኛው ሳምንት ገደማ ገላዋ በላባ ይሸፈናል። ከ7ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ደግሞ ይህንኑ ትቀይረዋለች። ቄብ ሆና እንቁላል ለመጣል ስትቃረብም ጥቂት ታራግፋለች። በዚህ ዕድሜ አዲሱ ላባ ቶሎ ስለሚተካ መላጣ ሆና አትታይም። እለፉት።

ዋናው የሚመጣው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ዶሮ የመጀመሪያውን ሙሉ የላባ ቅየራ የምታደርገው ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ወር ሲሆናት ነው። ጥር 2017 የተፈለፈለች ዶሮ ካለቻችሁ ከግንቦት እስከ ሐምሌ 2018 ባለው ጊዜ ጠብቁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ይደጋግማታል። አውራ ዶሮም ይጥላል። እሱም በዚያ ሰሞን ስሜቱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ለማስታቀፍ ያሰባችሁትን እንቁላል ከዚያ በፊት አጠራቅሙ።

የፈረንጆቹን ምክር ያነበበ ሰው «ዶሮ ላባ የምትጥለው በመኸር ነው» የሚል ያገኛል። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የዶሮዋ አካል እንቁላሉን ትቶ ወደ ላባ ይዞራል። እነሱ ዘንድ የሰኔና የታኅሣሥ ቀን በብዙ ሰዓት ስለሚለያይ ዶሮዎቹ ተያይዘው ይጥላሉ። ባሕር ዳር ላይ ግን ረጅሙ ቀን፣ ማለትም ሰኔ 14 አካባቢ፣ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። አጭሩ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ሲሆን ወደ 11 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ዶሮዎች ቀን ተቆርጦላቸው በአንድ ወር አይጥሉም። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዷ በጥቅምት፣ ሌላዋ በየካቲት ልትጥል ትችላለች። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው። አንዷ ብቻ ስትራቆት በሽታ ይመስላል።

ከብርሃን ሌላ ላባ የሚያስጥሉ ነገሮች አሉ፤ እዚህ አካባቢ እነሱን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የሐበሻ ዶሮ 21 ቀን ስትታቀፍ የምትበላው ለነፍሷ ያህል ነው። ከዚያ ጫጩት ማሳደግ አለ። ጫጩቶቿን ከነጠለች በኋላ ላባዋን ብታራግፍ አትገረሙ።

ውሃ ሌላው ነው። ቧንቧ ጠፍቶ ወይም ሰው ረስቶ ዶሮዎቹ ሙሉ ቀን ውሃ ካጡ እንቁላል ያቆማሉ፤ አልፎ ተርፎም ላባ ወደ መጣል ይገባሉ። የመኖ መቋረጥም እንደዚሁ።

አምፖል እያበራችሁ ቀኑን የምታስረዝሙላቸው ከሆነ ደግሞ መብራት መጥፋት የናንተም የዶሮዎቹም ችግር ነው። ለወራት 15 ሰዓት ብርሃን የለመደች ዶሮ በድንገት ወደ 12 ሰዓት ከወረደች ቀኑ ያጠረባት ያህል ታስባለች። ወይ አስተማማኝ ባትሪ ይኑራችሁ፣ ወይ አምፖሉን ከነጭራሹ አትጀምሩት።

አንድ ልጨምር። ከእርባታ ጣቢያ በቅናሽ የሚሸጡ ትልልቅ ዶሮዎች አሉ፤ ቦቫንስ ብራውንም ሆኑ ሌላ የፈረንጅ ዝርያ። የሚሸጡት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናቸው፣ ማለትም ላባ ሊቀይሩ ሲቃረቡ ነው። ከዚያ በመኪና ይጫናሉ፣ ቤት ይቀይራሉ፣ መኖ ይቀይራሉ፣ አምፖሉም ይቀርባቸዋል። በገቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይራቆታሉ። ገዢው «ተሸወድኩ» ይላል። አልተሸወደም፤ ዝም ብሎ መመገብ ብቻ ነው ያለበት።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ላባ መቀየር ነው?

ቅደም ተከተሉን እዩ። ከጭንቅላት ይጀምራል፤ ወደ አንገት፣ ከዚያ ወደ ጀርባና ደረት ይወርዳል። ክንፍና ጅራት መጨረሻ አካባቢ ይመጣሉ። ደግሞ ግራና ቀኙ ይመሳሰላል። የቀኝ ክንፏ ላባ ከወደቀ የግራውም ብዙ አይቆይም።

አሁን በቀን ብርሃን ተጠጉና አንገቷን እዩ። ላባ በወደቀበት ቦታ እሾህ የሚመስሉ ነገሮች ተደርድረው ካያችሁ አለቀ፤ መልሱ ያ ነው። እያንዳንዱ እሾህ በቀጭን ሽፋን የተጠቀለለ አዲስ ላባ ነው። ሥሩ ላይ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ያለው ደም ስላለበት ነው፤ ላባው እስኪያድግ የሚመገበው በዚያ ደም ነው። ከቀናት በኋላ የሽፋኑ ጫፍ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ተጣጥፎ የነበረው ላባ ይዘረጋል። ሽፋኑም ተፈርፍሮ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይራገፋል። ማደሪያው ወለል ላይ ያን ብናኝ ስታዩ ቅማል መስሏችሁ እንዳትደነግጡ።

ጠባይዋም ይናገራል። ላባ የምትቀይር ዶሮ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትጭራለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ መጠኑም ይቀንሳል። ነጭናጫ ትሆናለች። ከሌሎቹ ራቅ ብላ ጥግ ትይዛለች። ይህ ሁሉ ደህና ነው።

ደህና ያልሆነው ሌላ ነው። ጀርባዋ ብቻ ተላጭቶ ሌላው ገላዋ ሙሉ ከሆነ ጥፋተኛው አውራ ዶሮው ነው። ሲወጣባት በጥፍሩ ይገሸልጣታል። ለጊዜው ለዩዋቸው፤ የጥፍሩንም ጫፍ ሞርዱት። ከሆዷ በታችና ፊንጢጣዋ አካባቢ ከተራቆተች ቅማል ወይም የባልንጀሮቿ ምንቁር ሊሆን ይችላል። ታቅፋ የተነሳች ከሆነች ደግሞ ያው የመታቀፊያ ቦታዋ ነው፤ ገላዋ እንቁላሉን በቀጥታ እንዲነካ የሆዷ ላባ ይሳሳል። አንገቷ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ላባ የሌለው ከሆነ አንገተ መላጣ ዘር ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ብትጠብቁ አይበቅልም።

አሁን ፈንግልን እንለይ። ዶሮዋ ካንቀላፋች፣ ክንፏን ከጣለች፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ካላት ወይም አንገቷ ከተጣመመ ላባውን እርሱት። በተለይ ጎረቤት ዶሮ እየሞተ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ። ታማሚዋን ለዩ፤ በዚያው ቀን የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ለፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። እሱም ቀድሞ ነው የሚሰጠው።

ደረጃ 2፦ ማታ በባትሪ እዩ

ቀይ ቅንቅን ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም። በቆጡ ስንጥቅና በግድግዳው ቀዳዳ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ስለዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ የሞባይል መብራት ይዛችሁ ግቡ። የቆጡን እንጨት ጫፎች ከሥር በኩል እዩ። ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት እንጨቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ፈትጉ። ቀይ የደም ሰረዝ ከወጣ አለ ማለት ነው።

ቅማል ግን ዶሮዋ ላይ ነው የሚኖረው። በፊንጢጣዋ አካባቢ ያለውን ላባ ገለጥ አድርጉ። ላባው ሥር ላይ ነጭ ነጭ የእንቁላል ክምችት ካለ ወይም ገለባ ቀለም ያላቸው ነገሮች ሲሯሯጡ ካያችሁ ቅማል ነው።

ካገኛችሁ ቆጡን አውጥታችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ለዶሮዎቹ ደረቅ አፈርና ደረቅ አመድ ቀላቅላችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡ። ራሳቸው ይንከባለሉበታል። አመዱ ግን ዝናብ የማያገኘው መሆን አለበት፤ እርጥብ አመድ ቆዳ ያቃጥላል። ካልበቃ ለዶሮ የተሠራ ዱቄት ከባለሙያ ጠይቁ። ናፍጣ መቀባት፣ ለቤት ዝንብ የተገዛ ፍሊት መንፋት፣ የአዝመራ መድኃኒት መርጨት፦ ሦስቱንም አይቻለሁ። ሦስቱም አዲስ የበቀለ ላባና ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ መርዝ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ክንፏን አንብቡ

ይህ የምወደው ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ ቆጥ ላይ እንዳለች፣ ቀስ ብላችሁ አንድ ክንፏን ዘርጉ። ላባውን አትያዙ፤ የክንፉን አጥንት ብቻ ደግፉ።

ከዳር በኩል 10 ረጃጅም የመብረሪያ ላባዎች አሉ። ወደ ገላዋ በኩል ሌላ ረድፍ አለ። በሁለቱ ረድፎች መሐል ከሁሉም ያጠረች አንዲት ላባ አለች። እሷን ፈልጉ። ዶሮዋ የመብረሪያ ላባዋን መጣል የምትጀምረው ከዚህች አጭር ላባ አጠገብ ካለው ነው፤ ከዚያ በተራ ወደ ክንፉ ጫፍ ትሄዳለች። አዲሶቹ ንጹሕና አብረቅራቂ ናቸው፣ አሮጌዎቹ ጫፋቸው የተበላና የደበዘዘ ነው። አንዱ ላባ ሙሉ ለሙሉ ለማደግ 6 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል።

አሁን ቁም ነገሩ። አንዳንዷ ዶሮ አንድ ላባ ትጥላለች፣ ሁለት ሳምንት ቆይታ ሌላ ትጥላለች። ክንፏ ላይ ያሉት አዲስ ላባዎች ቁመታቸው እንደ ደረጃ እየተበላለጠ ይሄዳል። በዚህ አካሄድ አሥሩን ለመጨረስ 24 ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። ቁመናዋ ስለማይበላሽ ማንም አያስተውላትም። አምራ ትዞራለች፤ መኖውን ትበላለች። እንቁላል ግን የለም፣ ወይም በጣም ጥቂት ነው።

ሌላዋ እስከ መጨረሻው እንቁላል ስትጥል ቆይታ ዘግይታ ትጀምራለች። ሲጀምራት ግን ሁለት፣ ሦስት፣ አራቱን አንድ ላይ ታወርዳለች። እኩል የሆኑ አዲስ ላባዎች ተሰልፈው ታያላችሁ። ገላዋ በሳምንት ውስጥ ይራቆታል። ለማየት ታሳዝናለች፤ ግን በሁለትና በሦስት ወር ጨርሳ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች።

እንግዲህ የትኛዋን ነው የምናርደው? ሰው መላጣዋን ያርዳል። እኔ ብሆን ያችን አምራ የምትዞረውን ነው የማርዳት።

ይህ ንጽጽር የሚሠራው በአንድ ዕድሜ ላይ ላሉና አንድ ዓይነት መኖ ለሚበሉ ዶሮዎች ነው። ታቅፋ የተነሳችን፣ የታመመችን ወይም ውሃ አጥታ የሰነበተችን በዚህ አትፍረዱባት። ሌላም ዘዴ ልንገራችሁ፦ ላባ መጣል ስትጀምር እግሯ ላይ ባለ ቀለም ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ቀኑንም ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ጻፉ። ያለዚያ ከወር በኋላ «የቷ ነበረች ቀድማ የጀመረችው?» እየተባለ ጭቅጭቅ ነው።

ደረጃ 4፦ መኖውን ቀይሩ

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። ዶሮዋ ሙሉ ልብሷን እንደ አዲስ እየሠራች ያለችው ከምትበላው ነው። በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ከየት ታምጣው? የእንጀራ ፍርፋሪም ሆድ ይሞላል እንጂ ላባ አይሠራም።

የእንቁላል ጣይ መኖ ብዙውን ጊዜ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። ላባ በምትቀይርበት ሰሞን ከ18 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። የተዘጋጀ መኖ የምትገዙ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ግማሹን የጫጩት መኖ፣ ግማሹን የእንቁላል ጣይ መኖ አድርጎ መቀላቀል ነው። የጫጩቱ 20፣ የእንቁላል ጣዩ 16 ከሆነ ድብልቁ 18 ይሆናል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ።

ቤት የምታዘጋጁ ከሆነ ለ10 ኪሎ ይህን ሞክሩ፦

የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ
የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ
የስንዴ ፉርሽካ 1 ኪሎ ተኩል
ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 1 ኪሎ
የደረቀ የዓሣ ዱቄት ግማሽ ኪሎ
ጨው 30 ግራም ያህል

ይህ ወደ 19 በመቶ ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ ትልቅ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ስለምትበላ 10 ኪሎው ለ5 ዶሮ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ይበቃል። የሐበሻ ዶሮ ከዚህ ያነሰ ነው የምትበላው። አኩሪ አተሩን ሳትቆሉ እንዳትሰጡ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያግዳል። በቆሎውንና ፋጉሎውን አሽትቱ። ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር እርጥበት አይጣል ነው፤ ሻጋታ የያዘ መኖ ጉበት ይጎዳል። የሻገተውን «ለዶሮ ምን አለበት» ብሎ መስጠት ልማድ ሆኗል፤ አለበት እንጂ።

ዓሣው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጣና ዳር መኖር ከሚሰጠን ጥቅም አንዱ ነውና። ላባ ከሌላው ፕሮቲን የተለየ ነገር ይፈልጋል፤ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይባላሉ፣ በተለይ ሜቲዮኒን። አኩሪ አተር በሱ በኩል ይደኸያል። ኑግ ይሻላል፤ ኑግ ደግሞ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ዓሣ ሁለቱንም አለው። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ሥጋው ሲወጣለት ጭንቅላቱና አጥንቱ ይቀራል። ዓሣ ከሚያጸዱት ጋር ከተግባባችሁ በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ታገኙታላችሁ።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ተረፉን በዕለቱ አምጡት፤ ያደረ አትውሰዱ። እጠቡትና ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ቀቅሉት። አጥንቱ በጣት ሲጫኑት እስኪሰበር ድረስ ይፍላ። ጥሬ ዓሣ አትስጡ፤ አንጀት የሚያውክ ጀርም ሊኖረው ይችላል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። ከዚያ አጠንፍፉና ንጹሕ ቆርቆሮ ላይ በስሱ ዘርጉት። ላዩን በወንፊት ሽቦ ወይም በአሮጌ አጎበር ሸፍኑ፤ አለዚያ ድመትና ቁራ ይካፈሏችኋል። በጋ ላይ ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደርሷል። ሙቀጫ ውስጥ ወቅጡት፤ ሹል አጥንት እንዳይቀር ንፉት። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ሽታውን ለጎረቤት ቀድማችሁ አሳውቁ፤ ካልሆነ ቡና ላይ ትነሳላችሁ።

ሰው ዓሣ ለዶሮ መስጠት የሚፈራው እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ እንዳይል ነው። ልክ ነው፣ ሲበዛ ይላል። ላባ በምትቀይርበት ጊዜ ግን እንቁላል የለም። ስለዚህ ዓሣ ለመስጠት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። እንቁላል ልትጀምር ስትል ታቆሙታላችሁ።

ዓሣ ያላገኘ ሰው ምስጥ ይስጥ። የምድር ትልም ይሁን። የተቀቀለ ባቄላ ወይም ምስር በትንሹ ይጠቅማል፤ ግን ወጥ ውስጥ የገባ ከሆነ ጨው አለበትና ይቅር። የጠላ አተላም ይሰጣል፤ ደረቅ ካለ መኖ ጋር ተደባልቆ በዚያው ቀን የሚያልቅ ይሁን።

ካልሲየም በዚህ ወቅት ብዙ አያስፈልጋትም። የተፈጨውን የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ መኖው ውስጥ ከማደባለቅ ለብቻው በሳህን አስቀምጡ። የምትፈልገዋ ትወስዳለች።

ውሃ በቀን ሁለቴ ይቀየር። ከሐይቁ ዳር በቀጥታ የተቀዳ ውሃ የዱር ወፍ ኩስ ያለበት ስለሆነ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ማደሪያውን አስተካክሉ

የመብረሪያ ላባ የሌላት ዶሮ ቆጥ ላይ መውጣት ያቅታታል፤ ስትወርድም ትወድቃለች። አዲሱ ላባ ደግሞ ደም አለበት። ስለዚህ ለጊዜው ቆጡን ዝቅ አድርጉት፤ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ቆጡ ዝቅ ሲል ሸለምጥማጥ ይቀናዋል። በሩን በደንብ ዝጉ፤ ከታች በኩል ያለውን ቀዳዳ በድንጋይ ወይም በጠንካራ ሽቦ ድፈኑ። ቀን ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ። መብረር የማትችል ዶሮ ሜዳ ላይ አትልቀቁ፤ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ያለበት ጥግ ይሁን።

ብርዱን አትናቁት። ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብለን እንኮራለን፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ሲጨመርበት ራቁቷን ያለች ዶሮ ትጎዳለች። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ሰሌን ወይም ከደንገል የተሠራ ምንጣፍ ስቀሉ። ከላይ በኩል ግን አየር መውጫ ይኑር፤ ሁሉን ነገር ከዘጋችሁት የኩሱ ሽታ ሳንባቸውን ያቃጥላል። ወለሉ ላይ ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የሩዝ ገለፈት አንጥፉ። ገለፈቱ በፎገራ በኩል ሩዝ ከሚፈተግበት እንደ ልብ ነው። ሲረጥብ ቀይሩት።

መጣበብ መነካከስን ያመጣል። አዲስ የበቀለ ላባ ቀይ ነገር ካሳየ ሌሎቹ ይመጡበታል፤ አንዴ ደም ከቀመሱ ማቆሚያ የላቸውም። የተነከሰችውን ለዩ፤ ግን ከሌሎቹ ጋር እንዲተያዩ በሽቦ ብቻ ይለዩ። ጨርሳ ከጠፋች ስትመለስ እንደ እንግዳ ይቆጥሯታል። ቁስሉ ላይ ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ መድኃኒት ቀቡ፤ ቀዩን ይሸፍነዋል።

አንድ አዲስ ላባ ተሰብሮ ከደማ ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ለጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጉ። ትንሽ የበቆሎ ዱቄት ብትነሰንሱበት ደሙ እንዲረጋ ያግዛል። አልቆም ካለ ወደ ባለሙያ ውሰዷት።

ደረጃ 6፦ እነዚህን አታድርጉ

አትያዟት። አዲሱ ላባ ሲነካ ያማታል። ልጆች ማቀፍ ከለመዱ ለጥቂት ሳምንታት ይታገሱ። ክትባት ከደረሰ በውሃ የሚሰጠው ይመረጣል፤ መርፌ ካለበት ባለሙያውን አማክሩ።

አንቲባዮቲክ አትስጡ። «ትንሽ ቴትራ በውሃ በጥብጥላት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ቴትራሳይክሊን ላባ አያበቅልም። የሚያደርገው ገንዘባችሁን መብላትና ጀርሙን መድኃኒት ማላመድ ነው።

አዲስ ዶሮ አታስገቡ። ደካማ ዶሮ ላይ እንግዳ መጨመር ጠብና በሽታ መጨመር ነው።

ላባው ቶሎ ይለቅ ብሎ ማስራብም አለ። ትልልቅ እርባታዎች አንድ ላይ እንዲጥሉ መኖና ብርሃን የሚቀንሱበት አሠራር ነበራቸው፤ በብዙ አገር ተከልክሏል ወይም ቀርቷል። ጓሮ ውስጥ አምስት ዶሮ ያለው ሰው ይህን ቢሞክር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንበታል። ያላችሁም ዶሮ ይሞታል።

ላባውን በእጅ መንቀል ደግሞ ጭካኔ ነው። በራሱ ጊዜ ይወድቃል።

ደረጃ 7፦ ወደ እንቁላል ስትመለስ

ምልክቱ አናቷ ላይ ይታያል። ገርጥቶ የነበረው ሥጋ ይቀላል፣ ይወፍራል። እጃችሁን ስታስጠጉ ቁጢጥ ትላለች። የእንቁላል ማስቀመጫውን ገባ ወጣ እያለች ትጎበኛለች። ይህን ስታዩ ዓሣውን አቁሙ። የጫጩት መኖውንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ እንቁላል ጣይ መኖ ቀይሩ። አሁን ቅርፊቱና የኖራ ድንጋዩ በብዛት ይቅረብ፤ እንቁላል ጣይ መኖ ውስጥ ካልሲየም ከ3 ተኩል እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትንንሽ ወይም ቅርፊታቸው የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ ይስተካከላል። ቅየራውን የጨረሰች ዶሮ እንቁላሏ ከበፊቱ ተለቅ ይላል፣ ቅርፊቱም ይጠነክራል። ቁጥሩ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ያንሳል። ሁለተኛ ዓመት ላይ መጠነኛ ቅናሽ ያለ ነው፤ በየዓመቱም እየቀነሰ ይሄዳል። አራት ወር ሙሉ ጠብቃችሁ፣ በደንብ መግባችሁ፣ ላባዋም ሞልቶ እንቁላል ካልጀመረች ለማረድ የምትታሰበው ያቺ ናት።

ለበዓል ገዢና ሻጭ

በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን ላባ እየቀየረች ያለች ዶሮ ገበያ አታውጡ። ገዢ በላባዋ ነው የሚገምታት፤ ነጭም ትሁን ቀይ፣ ገብስማም ትሁን ዛግራ፣ አንገቷ ከተራቆተ «ይቺማ በሽተኛ ናት» ተብላ ግማሽ ዋጋ ይጠራላታል። ላባዋ እስኪሞላ ጠብቃችሁ ለገና አውጧት።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የአንገቷንና የደረቷን ላባ በተቃራኒው እየነፋችሁ ገልጡ። ቆዳው ላይ እሾሁ ተሰልፎ ካያችሁ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ። ለወጥ ግን አስቡበት። በፈላ ውሃ ነክራችሁ ትልቁ ላባ ሲወልቅ እነዚያ እሾሆች ቆዳው ውስጥ ይቀራሉ። አንድ በአንድ በወረንጦ ነው የሚወጡት፤ በዓሉ ዋዜማ ላይ አሥራ ሁለት ብልት እያጠበ ይህን የሚሠራ ሰው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለማቆየት ከሆነ ያው ዶሮ ግሩም ግዢ ናት። ክንፏን ዘርጉና አዲሶቹ ላባዎች እኩል መሆናቸውን እዩ፤ እኩል ከሆኑ ሳትከራከሩ ውሰዷት።